የቲኬት መብሻው

አምስት ዓመት ጠበቅሁ ያልመጣ ባቡር፣
ቁልፍ በወገቤ፣ ዱላ በእጄ፣ ከቦርከና በላይ፣ ከኮምቦልቻ ዳር።
ሐዲዱ ላይ ማሽላ ያሰጣሉ ሴቶች፤
የመድረኩን ጥላ ይዘውታል የእማማ መሪማ ፍየሎች።
«ባቡር መጣ!» ብል ለቀልድ፣ ቀና አይሉም፤
ውሸቴን ለምደዋል፣ ጆሮም አይጥሉም።

አንድ ቀን በሚያዝያ ሽማግሌ መጣ፣ በባጃጅ ተጭኖ፣
ኮፍያው በጉልበቱ፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፎ፣ ታፍኖ።
ስሙ ሺሞዳ ነው፣ ከጃፓን የመጣ የሩቅ አገር እንግዳ፤
ግማሹን በእጁ፣ ግማሹን በግምት፣ ጦይብ የፋብሪካው ልጅ ቃሉን ሲያሰናዳ፦

«ባቡር ነበረኝ» አለ። እንደዚያ ነው ያለው፤
«ሚስት ነበረችኝ» ሲል ሰው ድምፁን እንደሚያወርደው።

የሌሊት ፈጣን ነው፤ ስሙ «የምሽት ጉም»፤
ከወደብ ተነስቶ ሲነጉድ፣ በትንንሹ መንደር ለማንም አይቆም።
በእንፋሎት ጀመረ፤ አያቱ ከሰል ጨምሮለታል፤
በናፍጣው ዘመን አባቱ ፋኖስ አወዛውዞለታል፤
እሱ ራሱ ደግሞ አርባ አንድ ዓመት ቲኬት በስቶለታል።
መኝታ ነበረው፣ አንሶላው በየቀኑ የሚተኮስ፤
ምግብ ቤት ነበረው፣ በመታጠፊያ እንኳ ሾርባ የማይፈስ።
መንገደኛው ሲነጋ፣ መጋረጃ ገልጦ፣ በረዶ ያያል።
«በረዶ» አለኝ ጦይብ፣ «እንደ ጥጥ ነው አሉ፤ ግን ያቃጥላል።»

«ታዲያ ምን ገደለው?»
ሽማግሌው ሳቀ።
ባንድ ቀን አልሞተም፤ እየተሸረፈ፣ እየተሸራረፈ አለቀ።
መጀመሪያ ሾርባው ቀረ፣ ቀጥሎ አንሶላው፤
አሥራ ሁለት ፉርጎ ሦስት ሆነ፣ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ወላለቀ ኋላው።
አዲስ መስመር መጣ፣ ተራራ የሚበሳ፣
ሌሊት ሙሉ የሚኬድ መንገድ በሁለት ሰዓት የሚያስረሳ።
የየዕለቱ የሳምንት፣ የሳምንቱ የበዓል ብቻ ሆነ፤
አንድ የመጋቢት ሌሊት ፊሽካ ተነፋና፣ የጭራው መብራት ጭጋግ ውስጥ ተነነ።

ያን ለት ሰዉ ወጣ፤ ልጅ ያዘለ ሁሉ፣ ካሜራ የያዘ።
አሮጊት ነበረች፣ በዚያ ባቡር የተዳረች፣ ደግፏት ልጇ፤
እንደሚሸጥ በሬ ጎኑን ዳበሰችው፣ ቀስ ብላ፣ በእጇ።
«የመጨረሻውን ቲኬት የበሳሁት እኔ ነኝ» አለና ዝም አለ።
ጦይብም ዝም አለ። ለዝምታ ደግሞ ምን ትርጉም አለ?

እኔ ቀናሁበት። እውነቴን ነው፣ ቀናሁ፤
ለሞተ ባቡር ለቅሶ የደረሰ አገር አየሁ።
ለኛው ማን ያለቅሳል? መች መጣና ይቀር!
ላልተወለደ ሰው ሰደቃ አይወጣ፣ አይማስ መቃብር።
ድልድዩ አለ፣ ዋሻው አለ፤ ሽቦው በጦርነቱ ሰሞን ሄደ፤
እስከ ሐራ ገበያ ተዘርግቶ የተኛው ብረት ማንን ወሰደ?

ይህንን ነገርኩት። ጦይብ ተረጎመ፤ ያቅናው ያጣምመው አላውቅም፤
ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሐዲዱ ላይ ጣለ። አልሳቀም።
ከዚያ ከኪሱ አወጣ፣ በመሐረብ የተጠቀለለ ብረት፤
መብሻው ነው፤ ጥርሱ ቅጠል የሚመስል፣ እጀታው የለሰለሰ በላብ ብዛት።
«የኔ ሥራ አለቀ፤ ያንተ ገና ነው» አለኝ።
«ገና» የሚለውን እሱ ይበለው፣ ጦይብ ይጨምረው፣ ዛሬም ግራ እንደገባኝ።

አሁን ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ልጆች ይመጣሉ፤
ከደብተር የተቀደደ ወረቀት «ቲኬት» ብለው ይሰጣሉ።
«ወዴት ነው?» «መርሳ!» «ከሚሴ!» «እኔ ጃፓን!»
እበሳለሁ። ቀጭ።
ቅጠል የምታህል ብጣሽ ትወድቃለች፣ ነጭ፤
ቀጥላ ሌላዋ፣ ነጭ።
ዘሀራ ማሽላዋን ስታነሳ ትቆጣኛለች፦
«ሙሄ፣ ወረቀትህን ከእህሌ ስለቅም መሸ!» እያለች።